የዝናብ ጠሪዋን መጽሐፍ ለአምስት የመቁረጥ ጉዳይ

ቀን፦ ሐሙስ
ቦታ፦ የስፌት ቤቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ዳር
የተጀመረበት ሰዓት፦ 6፡30 (ምሳ ሳይበላ)

የተገኙ አባላት፦
የፈረቃ ኃላፊው፣ ሰብሳቢ፣ የመጽሐፉ 1ኛ ቁራጭ የደረሳቸው
ንብረት ጠባቂው፣ ጸሐፊ፣ 2ኛ ቁራጭ
ቁልፍ ተካይዋ፣ አባል፣ 3ኛ ቁራጭ
ጨርቅ ቆራጩ፣ አባልና የችግሩ መንስኤ፣ 4ኛ ቁራጭ
ልብስ ተኳሿ እማማ ካውያ፣ አባል፣ 5ኛ ቁራጭ

የቀረ አባል ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ቆራጩ መቅረት ፈልጎ እንደነበር ግን ይያዝልኝ።

አጀንዳ 1፦ መጽሐፉ የተቆረጠበት ሁኔታ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ መጽሐፉ የሁላችንም መሆኑን አስታወሱ። የዝናብ ጠሪዎች ልዕልትና የእሳት ነገድ ወጣት፣ እጅ ለእጅ ከተያያዙ የሁለቱም አስማት እንደሚጠፋ እያወቁ፣ ቤተሰብም እየከለከላቸው የሚዋደዱበት ታሪክ ነው። ተራ መጠበቅ ጭቅጭቅ ስላመጣ ቆራጩ እንዲያከፋፍለን ባለፈው ወር አደራ ተሰጥቶት ነበር።

ቆራጩ ሲያስረዳ፣ ሠላሳ ድርብ ሸሚዝ እንደሚቆርጠው ሁሉ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ በማሽን አግድም ለአምስት እንደከፈለው፣ አንዱ ቁራጭም ከሌላው በክር ውፍረት እንኳ እንደማይበልጥ በኩራት ገለጸ። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ አባል ከእያንዳንዱ ገጽ አምስት አምስት መስመር ደርሶታል። ቁልፍ ተካይዋ "አንተ ሰውዬ፣ በምዕራፍ መክፈል አቃተህ?" ስትለው፣ "ምዕራፉ እኩል አይደለም፤ ኋላ አዳላህ ልትሉኝ?" ሲል መለሰ። ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ ቆራጩ ለእኩልነት እንዲመሰገን፣ ለቀረው ሁሉ እንዲወቀስ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የእሳቱ ወጣት ከዳተኛ ነው ወይስ አይደለም?

በሰብሳቢው ቁራጭ ወጣቱ በየገጹ ሰይፍ ይመዛል። በቁልፍ ተካይዋ ቁራጭ በየገጹ ይስማል። ሰይፉን መቼ እንዳስቀመጠው ማንም አያውቅም። ሰብሳቢው "ሰው እየሳመ ሰይፍ የሚመዝ ከዳተኛ ነው" አሉ። ቁልፍ ተካይዋ "አለቃ፣ እርስዎ መቼ ተስመው ያውቃሉ?" በማለቷ ስብሰባው ለሁለት ደቂቃ ተቋረጠ። ከዚያም ድምፅ ተሰጥቶ ከዳተኛ መሆኑ 3 ለ 2 ጸደቀ። ጸሐፊው ሰብሳቢውን ፈርቶ እጁን ያወጣ መሆኑን ያምናል።

አጀንዳ 3፦ ምስጢር ስለመጠበቅና ስለ ቅዳሜ ሥራ

የልዕልቲቱ አጎት መሞቱን ቆራጩ በሻይ ሰዓት አፉ አምልጦት ተናግሯል። ጸሐፊው አጎትየውን በጣም ይወደው ነበር። ስለዚህ ማንም የቁራጩን ታሪክ ለሌላ እንዳይናገር፣ የተናገረም ሳምንቱን ሙሉ ኮሌታ ሲገለብጥ እንዲውል ተወሰነ። በተጨማሪም የተቀበልነው ሥራ ስላላለቀ ቅዳሜ ማንም እንዳይቀር ሰብሳቢው ብቻቸውን በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

እስከዚህ ድረስ ምንም ያልተናገሩት እማማ ካውያ እጃቸውን አወጡ። የተናገሩት እንዳለ ሰፍሯል፦

"ልጄ ቅዳሜ ልታገባ ነው። ከማንነጋገረው ቤት ልጅ ጋር። አልመጣም ብዬ ምያለሁ። የልዕልቲቱም እናት ምላ ነበር። እሷ መጣች ወይስ ቀረች? እኔ ጋ ያለው ቁራጭ መጨረሻው ነጭ ወረቀት ነው።"

ጸሐፊው አብሯቸው ሁለት ዓመት ሲሠራ ልጅ እንዳላቸው እንኳ አለማወቁን በሐፍረት ይመዘግባል።

ሰብሳቢው ምስጢር መጠበቅ ገና አሁን መወሰኑን ካስታወሱ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ቁራጭ አነበቡ፦ "ሰርጉ ደምቆ ሳለ በሩ ተንኳኳ።" ጸሐፊውም ቀጠለ፦ "ልዕልቲቱ 'እናቴ ናት!' ብላ ሮጠች።" ቆራጩ አጨበጨበ። ሰብሳቢው "ይኸው፣ መጥታለች!" አሉ። ቀጣዩ ቁራጭ እሷ ዘንድ ያለው ቁልፍ ተካይዋ ግን ቁራጩን ከጨርቅ ሥር ልትደብቅ ሞከረች።

እማማ ካውያ "አንቺ ልጅ፣ አንብቢው እንጂ" ሲሏት አነበበች፦ "ከደጅ የቆመችው ጎረቤት ነበረች። የእናትየዋ ወንበር ሰርጉ እስኪያበቃ ባዶውን ቀረ።" ይህን ካነበበች ሦስት ቀን እንደሆናት፣ እማማ ካውያን ባየች ቁጥርም መናገር እንዳቃታት ገለጸች። ቆራጩ የእሱም ቁራጭ መጨረሻ ነጭ መሆኑን ገልጾ፣ በነጩ ወረቀት ላይ እናትየዋ ዘግይታ መጣች ተብሎ በእስክሪብቶ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው ደገፉት።

እማማ ካውያ ጠረጴዛውን መቱት። "ምንም አይጨመር! እንዴት ያለች ጅል ናት? ልጇን! ለአንድ ቀን እልህ! እኔ ደግሞ እንደሷ ልሆን ነበር!" ብለው የሥራ ነጠላ ጫማቸውን በመንገድ ጫማ መቀየር ጀመሩ። የት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው አልነበረም።

ስለሆነም ምንም ውይይት ሳይካሄድ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ወጣቱ ከዳተኛ አይደለም። ቆራጩ አይመሰገንም፣ አይወቀስምም። ሁሉም ያሻውን ያውራ። ቅዳሜ መቅረት ይቻላል፤ ልብሱን ሰብሳቢው ራሳቸው ይተኩሳሉ።

ስብሰባው 7፡05 ላይ ተበተነ። አራት አባላት ፈርመዋል። እማማ ካውያ አልፈረሙም፤ ልጃቸው ወዳለችበት የሚሄደው አውቶቡስ ሰባት ተኩል ላይ ይነሳል።