እትዬ ጫልቱ ለዕረፍት ሃቫና የሄደች ጊዜ

ቋንቋችን አንዳንዴ ጣጣ ያመጣል። «ዐረፈ» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ሰው ሥራውን ትቶ ጋደም ሲል ዐረፈ እንላለን። ሞቶ ሲቀበርም ዐረፈ እንላለን። ታዲያ በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ጋደም ብላ የማታውቅ ሴት «ልታርፍ ነው» ሲባል፣ ሰፈሩ የትኛውን ይመን?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ቦሌ ሚካኤል። እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። መታወቂያ እሞላለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ማንበብ ላቃተው ደብዳቤ አነባለሁ። እትዬ ጫልቱን ያወቅኋትም በደብዳቤ ነው። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አላት፤ ግን «ከፊደል ጋር ተዋውቀናል እንጂ አልተዛመድንም» ትላለች።

ቤቷ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ፣ ከድሮዎቹ የገበሬ መንደሮች በአንዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛ የቦሌን ቤቶች ታዳርሳለች። አውሮፕላን እንኳ ማረፊያ አለው፤ እሷ አልነበራትም። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ በዚያው ቀረ። አንድ ልጇን ቶሎሳን ደግሞ መንግሥት ከሌሎች የዘማች ልጆች ጋር ለትምህርት በመርከብ ወደ ኩባ ላከው። ሲሄድ ቁመቱ ከወገቧ አያልፍም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጉርድ ፎቶ ይልካል። ግን ፎቶ ይታቀፋል እንዴ?

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራት።

«ጓድ ጫልቱ፣ የወላጆች ቡድን ወደ ሃቫና ሊላክ ነው። ከኛ ከፍተኛ፣ ከቀበሌዎቹ ሁሉ፣ እርስዎ ተመርጠዋል። የሁለት ሳምንት የዕረፍትና የጉብኝት ጉዞ ነው።»

«ልጄን አየዋለሁ?»

«ያዩታል።»

«ዕረፍቱስ ግዴታ ነው?»

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል አላት። በዚያ ዘመን ፕሮግራም ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይቀርም።

ወሬው በማግስቱ ሰፈሩን አዳረሰ። ወሬ ሲያልፍ ሲያልፍ ጅራቱን ይጥል የለ? «እትዬ ጫልቱ ለማረፍ ኩባ ልትሄድ ነው» የተባለው፣ ጆሯቸው ደከም ያለው እማማ ሙሉ ዘንድ ሲደርስ «እትዬ ጫልቱ ዐረፈች» ሆነ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት።

«ምነው እማማ? ማን ዐርፎ ነው?» አለች ደንግጣ።

«አንቺ ነሻ!» አሏት እያለቀሱ።

ከዚያ የጉብኝቱ ዕቅድ ተጀመረ። ዕቅዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማን ሾመኝ? ማንም። ግን በውይይት ክበባችን መደርደሪያ ላይ ስለ ኩባ የሚያወራ አንድ መጽሔት ነበር፣ ያንን ከእኔ በቀር የገለጠው ሰው አልነበረም። ሥዕሉን ሳይ አፌን እከፍት ነበር። ምሽጉ፣ መድፉ፣ አምደ ብዙው ፎቅ፣ ከተማውን ከባሕር የሚለየው ረጅም ግንብ። እኔ ከናዝሬት ወዲያ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁባት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። አንደኛ ቀን ምሽጉን፣ ሁለተኛ ቀን የባሕሩን ግንብ፣ ሦስተኛ ቀን አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን... እስክጨርስ ሰምታኝ «ቶሎሳስ በስንተኛው ቀን ነው?» አለች። አንደኛው ላይ ጻፍኩት። «ሁለተኛው ላይስ?» ጻፍኩት። በመጨረሻ ዕቅዱ ቶሎሳና ምሽግ፣ ቶሎሳና ባሕር፣ ቶሎሳና ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ዐረፈው። ይኸው፣ ቃሏ እዚህም ገባች።

ሰፈሩ ስንቅ አዋጣ። አገሩ ሞቃት ነው ሲባል የሰማ የወባ ክኒን አመጣ። ባሕር አለበት ሲባል የሰማ ጋቢ አመጣ። የመውጫ ፈቃዱ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ያን ጊዜ መውጫ ፈቃድ ማለት ቀልድ አይደለም። ሹሙ አንገቱን ሳያነሳ «በዚያው ብትቀሪስ?» አላት።

«ላሞቼን አንተ ታልብልኛለህ?» አለችው።

አንገቱን አነሳ። አያት፣ አያት፣ ማኅተሙን መታላት።

የሄደች ቀን ሰፈሩ በሙሉ በእግሩ እስከ ማረፊያው አጥር ድረስ ሸኛት። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁላችንም አንጋጠን አየን። ስንት ዓመት ያ ነገር በራሳችን ላይ ሲያጓራ ኖረ፣ የምናውቀው ሰው ግን ገብቶበት አያውቅም ነበር። ጠዋት «ወተት!» እያለች በር የምታንኳኳ ሴት አሁን ከደመና በላይ ናት። እማማ ሙሉ አማተቡ። እኔም፣ ሊቀ መንበሩ አለማየቱን አረጋግጬ፣ አማተብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ተመለሰች። ቤቷ ጢም ብሎ ሞላ። ባሕሩስ? ሰዉስ? ልጁስ?

ከልጁ ጀመረች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወጣቶች ተሰልፈው ጠበቋቸው። እሷ ልጇን ፍለጋ ከሰልፉ ፊት እያየች አለፈች፤ ትንሽ ልጅ ነዋ የምትፈልገው። ከኋላዋ አንድ ጎርናና ድምፅ «አዮ» አለ፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። ዞር ስትል ከባሏ የሚረዝም ጎረምሳ ቆሟል። «ከጀርባው ሌላ ልጅ የቆመ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ» አለች።

ከተማውን እየዞረ ያሳያት እሱ ነው። ባሕሩን ስታይ ሰማይ መሬት ወርዶ የሚተነፍስ መሰላት። ማዕበሉ ግንቡን ዘሎ ቀሚሷን አራሰው። ድንጋዩ የጠቆረ፣ የንጉሥ ቤት የሚመስል ፎቅ ሰገነት ላይ የሕፃን ልብስ ሊደርቅ ተሰጥቶ አየች። እንዲህ ያረጀና እንዲህ ያማረ ነገር ከሰው ጋር ሲኖር ማየቷ ገርሟት አንገቷ እስኪደክም ቀና ብላ ዋለች።

ከዚያው ሰገነት ላይ አንዲት አሮጊት ጠርታ አነጋገረቻቸው። ቶሎሳ አስተረጎመ። «የእናንተስ ዋና ከተማ እንዴት ያለ ነው?» ነበር ጥያቄዋ። እትዬ ጫልቱ ልጇን አየች። ልጇ እሷን ያያል። እሱም መልሱን ሊሰማ ነው ለካ፤ በልጅነቱ ከመንደሩ ወጥቶ፣ አገሬ የሚለውን ከተማ አላየውም።

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«ሰፊ ነው አልኩ» አለች። «ሌላ ምን ልበል? እኔ የማውቀው ወተት የማደርስበትን በር ነው። ልጄ አቀረቀረ። አገር ለአገር ተሻግሬ ሄጄ፣ ባዶ እጄን የሄድኩ ያህል ተሰማኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ በጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጫልቱ ናት፤ የክት ቀሚሷን ለብሳለች።

«ተነስ፣ ለዕረፍት እንሂድ።»

«የት?»

«አዲስ አበባ።»

«እዚሁ አይደለንም እንዴ?»

«አንተ ታውቀዋለህ?»

የተወለድኩት እዚሁ ነው። ቀበሌውን አውቃለሁ፣ ከፍተኛውን አውቃለሁ፣ ፒያሳ ሲኒማ ገብቻለሁ። ከዚያስ? ጫማዬን አሰርኩ።

አውቶቡሱ እስከሚደርስበት ሄደን፣ የቀረውን በእግር እንጦጦ ወጣን። አናቱ ላይ ዞር ስንል ከተማው ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። ቆርቆሮው እንደ ውሃ ያብለጨልጫል፣ ባሕር ዛፉ በየመሀሉ ጠቁሯል። ቦሌ የት እንደሆነ ጠፋንና አንድ አውሮፕላን ሲወርድ በዓይናችን ተከትለን አገኘነው። እኔ ባሕር አላየሁም፤ ያን ቀን ግን ያየሁ ያህል ነው።

«ጻፍ» አለችኝ ወረቀት አቀብላኝ። «ልጄ ቶሎሳ፣ ያቺ ሴትዮ ለጠየቀችን መልስ አገኘሁ በል።» እሷ እያየች ትናገራለች፣ እኔ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ገጽ ሞላ።

ከዚያ እዚያው ተራራ ላይ፣ ለጎብኚ ወደተከፈተው የድሮ ቤተ መንግሥት ሄድን። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ትልቅ የጎብኚ መዝገብ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉን ብዕራቸውን አንስተው።

«ከቦሌ» አለች እትዬ ጫልቱ። «በሃቫና በኩል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አፌን ከፍቼ ጣሪያው ላይ የተከልኩትን ዓይኔን አዩ። ከዚያ ሁለታችንንም «የውጭ አገር ጎብኚዎች» ከሚለው ሥር መዘገቡን።

አላረምናቸውም።