ፈተናን በተመለከተ ማሳወቂያ

ለወገን የሚበጅ ሥራ ሠርቶ ሐውልት ያልቆመለት ሰው ባለበት አገር ታሪክ ራሱ ይወቀሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪክን ከወቀሳ ማዳን ነው። ሰውየው በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ኮርስ አስተባባሪ ናቸው። ኮርሱ «የጤና ተቋማት አመራር» ይባላል። ተማሪዎቹ በየከተማው ሥራ ላይ ያሉ ነርሶች፣ አዋላጆችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ብዛታቸው ስታዲየም ሞልቶ የሚተርፍ ነው። አስተባባሪው ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድም ቀን በዐይናቸው አላዩትም። ቢሆንም ከልባቸው ይወዱታል፤ ያላዩትን ሰው መውደድ ደግሞ ብዙም አያስቸግርም።

በመጀመሪያው ዓመት አስተባባሪው ልምድ ስላልነበራቸው፣ ተማሪ ሲጠይቃቸው ይመልሱ ነበር። ይህ ስሕተት ጉድ አፈላባቸው። አንዱ መልስ ማግኘቱን ሌላው ይሰማና እሱም ይጠይቃል። ይባስ ብሎ አንድ ጊዜ «የቤት ሥራው ዓርብ ይመለሳል» ብለው ጽፈው፣ ሲስተሙ ተበላሽቶ ወደ ሰኞ ቢያዛውሩት፣ ዓርብን ተማምነው ከሥራ ፈቃድ የወሰዱ ተማሪዎች የስድብ መዓት አወረዱባቸው። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አላቸው፤ ከሱ፤ ጠቆሩ። በመጨረሻ ግን ከእሳቸው በፊት ማንም ያልደረሰበት እውነት ተገለጠላቸው። ተማሪ የሚቀየመው ስለጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ስለተነገረው ነው። እንግዲያው ካልተነገረው አይጠብቅም፤ ካልጠበቀም አይቀየምም።

ከዚህ ግኝት «የተግባቦትና የጉጉት አስተዳደር መመሪያ» ተወለደ። መመሪያው ወፍራም ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ፍሬ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ማንኛውም ጥያቄ በኮርሱ ገጽ ላይ በተከፈተው መስመር ብቻ ይቀርባል፤ በስልክ፣ በኮሪደር፣ በታክሲ ውስጥ ወይም በዘመድ በኩል የቀረበ ጥያቄ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ማንኛውም መልስ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ለሁሉም እኩል መድረስ ካልቻለ ለማንም አይደርስም። ዲኑ ይህችን አንቀጽ ባነበቡ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ እኮ ፍትሕ ነው» አሉ። መመሪያው ሥራ ላይ ሲውል የጥያቄው ብዛት እያሽቆለቆለ ሄደ። በየመንፈቁ ሪፖርትም «ጥያቄ አለመኖሩ እርካታ መኖሩን ያመለክታል» ተብሎ ተጻፈ።

የማጠቃለያው ፈተና ሲቃረብ አስተባባሪው ማስታወቂያ አርቅቀው ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ረቂቁ «የማጠቃለያ ፈተና የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኮርሱ ገጽ ላይ ይከፈታል» ይላል። ሰብሳቢዋ የተግባቦት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ በቀኛቸው የሕግ አማካሪው ተቀምጠዋል።

«‹ሦስት ሰዓት› የምትለዋ ትንሽ አልበዛችም?» አሉ ኃላፊዋ።

«እንዴት ማለት?»

«ሦስት ሰዓት ካልናቸው ሦስት ሰዓት ላይ ይጠብቃሉዋ!»

«የሚከፈተው እኮ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢከፈትስ?» አሉ አማካሪው። «ለግማሿ ሰዓት ማን ሊጠየቅ ነው?»

አስተባባሪው የገዛ መመሪያቸውን ሊጥሱ መሆኑ ገብቷቸው በሐፍረት ተሸማቀቁ። ሰዓቷ ወጣች። «ጠዋት» ተከትላት ወጣች። «ቅዳሜ» ላይ ትንሽ ክርክር ተነሣ።

«ቅዳሜ መምጣቱ አይቀርም፤ እሱ አያሰጋኝም» አሉ አማካሪው። «እኔን የሚያሰጋኝ፣ ከመጣ በኋላ መጥቷል ብለው እንዳይከሱን ነው።»

ይህ ክርክር ከባድ ነበር። ማንም ስላልገባው ማንም አልተቃወመውም፤ ቅዳሜም ወጣ። የቀረችው «ይከፈታል» ናት።

«‹ይከፈታል› ማለት ቃል መግባት ነው» አሉ ኃላፊዋ።

«‹ሊከፈት ይችላል› ብንልስ?» አሉ አስተባባሪው።

«እሱማ ተስፋ መስጠት ነው። ተስፋ ከሰጠናቸው ደግሞ ይጠብቃሉ። ተወው።»

ማስታወቂያው ከብዙ ድካም በኋላ ወጣ። «ፈተናን በተመለከተ ማሳወቂያ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፤ ከባዶው ቦታ ሥር ማኅተም አለ። ኃላፊዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና «እንዴት ያምራል! ሰው የሚያስቀይም አንድ ነገር የለበትም» አሉ። በዚያው ቀን፣ ማሳወቂያውን አይተው የሚያስቸግሩ እንዳይኖሩ፣ የጥያቄ መስመሩ ለጥገና ተዘጋ።

አስተባባሪው ይህን ድል ይዘው ቤታቸው ሲገቡ አንድ እክል ገጠማቸው። ሚስታቸው ነርስ ናት። ነርስ መሆኗ አንሶ የዚሁ ኮርስ ተማሪ ናት። በምትሠራበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊነት ተከፍቶ፣ አለቆቿ ቦታው ለእሷ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ የቀራት ይህን ኮርስ ማለፍ ብቻ ነው። ፈተናው ካመለጣት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስንት ዓመት ሙሉ የሌሊት ተራ ስትገባ፣ የሰው ልጅ ስታስታምም የኖረች ሴት ናትና ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም።

«አንተ፣ ፈተናው መቼ ነው?» አለች ራት እያቀረበች።

«ማሳወቂያው ወጥቷል እኮ።»

«አይቼዋለሁ። ማኅተሙ ጥሩ ነው። መቼ ነው?»

«አሁን እንደ ሚስት ነው እንደ ተማሪ የምትጠይቂኝ?»

«እንደ ሚስት።»

«በዘመድ በኩል የሚቀርብ ጥያቄ...»

«እሺ፣ እንደ ተማሪ!»

«ተማሪ በመስመሩ ነው የሚጠይቀው።»

«መስመሩን ዘግታችሁታል እኮ!»

«ለጥገና ነው። ከፈተናው በኋላ ይከፈታል።»

«ኧረ በፈጠረህ! ተረኛ ነኝ። ጓደኛዬ እንድትገባልኝ ቀኑን ልነግራት ነው። ምን ልበላት? ‹አንድ ቀን ግቢልኝ› ልበላት?»

እውነቱን ለመናገር አስተባባሪው ሆዳቸው ባባ። ሚስታቸውን ይወዳሉ። ቅዳሜ የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን ያን ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ አሰቡት። ለአንዷ ሹክ ብለው ለሌላው ቢደብቁ ፍትሕ ምን ሊሆን ነው? ቃሏን ከጉርሻቸው ጋር ዋጧት።

«የኔ ዓለም፣ አንዳንድ ነገር ሳይጠበቅ ሲመጣ ነው ደስ የሚለው» አሏት።

 ሚስታቸው ሳህኗን አንሥታ ሄደች። ከዚያን ዕለት ወዲህ ስለ ፈተናው አልጠየቀችም። ስለ ሌላም አልጠየቀችም። ዛሬ ታመሻለህ ወይ፣ እናትህ ተሻላቸው ወይ፣ ምን ሆነህ ነው የከፋህ፣ ሁሉም ቀረ። አስተባባሪው በጣም ተደሰቱ። መመሪያው ቤት ውስጥም እንደሚሠራ ለባልደረቦቻቸው አወሩ፤ ያገቡት ባልደረቦቻቸውም አንዳንድ ቅጂ ወሰዱ።

ሚስትየዋ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የማይናገር በሽተኛ ለነርስ አዲስ አይደለም፤ የት እንዳመመው ካልነገራት አጠገቡ ሆና ትጠብቀዋለች። የኮርሱን ገጽ እንደዚያ ያዘችው። በስልክ ተማሪዎቹን አሰባሰበችና የጥበቃ ተራ አወጣችላቸው። አንዱ ገጹን ሲያይ አርፍዶ ለሌላው ያስረክባል፤ ርክክቡም እንደ ሆስፒታል ዋርድ ነው።

«ገጹ እንዴት ነው?»

«ያው ነው፤ አልተንቀሳቀሰም።»

«ሌላ የታየ ምልክት?»

«ትናንት አንዴ ብልጭ ብሎ ነበር። ወዲያው ተመልሶ ተኛ።»

«እሺ፣ ዐይንህን እንዳትነቅል።»

ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ የነበረች አንዲት አዋላጅ «ነቃ!» ብላ ጮኸች። ወሬው ከከተማ ከተማ በአንድ ትንፋሽ ደረሰ። የሚስትየዋ ጓደኛ የጋውኗን ቁልፍ ሳትቆልፍ እየሮጠች መጥታ ዋርዱን ተረከበቻት። ግማሹ በመድኃኒት መጋዘን፣ ግማሹ በአምቡላንስ ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ከሊፍት ውስጥ አልወጣም ብሎ ተፈተነ። የቀረ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ይህን ሲሰማ በአድናቆት አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰዓቱን ሳንነግራቸው ሁሉም በሰዓቱ ተገኙ!» አሉ ኃላፊዋ።

«ነግረናቸው ቢሆን ኖሮ እኮ ግማሹ ያረፍድ ነበር» አሉ አማካሪው።

ዲኑ ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ዩኒቨርሲቲው መረጃን ያለ መረጃ በማድረስ ረገድ ፈር ቀዳጅ መሆኑን ገልጸው፣ መመሪያው በሁሉም ኮርሶች ሥራ ላይ እንዲውል አዘዙ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አልተናገሩም፤ ኮሚቴውም በጭብጨባ ተቀበለው።

የቀረው እርማት ነበር። የምርጫ ጥያቄዎቹን ኮምፒውተር አረማቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን በጽሑፍ የሚመለስ ነው፤ ያወጡትም አስተባባሪው ራሳቸው ናቸው። «በሥራችሁ ያጋጠማችሁን አንድ የተግባቦት ችግር ግለጹ፤ የወሰዳችሁትንም መፍትሔ አመልክቱ» ይላል። ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው መልስ በእውነት የደረሰ፣ ምክንያቱ ፍንትው ብሎ የሚታይና መፍትሔው በተግባር የተሞከረ ነው። እርማቱን ከረዳቶቻቸው ጋር ተካፈሉና በርከት ያለውን ለራሳቸው ወሰዱ።

የመጀመሪያው ተማሪ «አንድ ኮርስ አለ» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛዋ «ማኅተም ብቻ የሚልኩልን አንድ ሰው አሉ» ትላለች። ሦስተኛው በትሕትና «ስማቸውን አልጠቅስም፤ ይህን የሚያርሙት እሳቸው ናቸው» ይላል። አስተባባሪው ላብ አጠመቃቸው። አንዱን ዘለው ሌላውን ቢከፍቱ ያው እሳቸው ናቸው። ግን ችግሩ በእውነት የደረሰ ነው፤ ምክንያቱም ፍንትው ብሎ ይታያል፤ የጥበቃ ተራውም መፍትሔ ተሞክሮ ሠርቷል። በመመሪያ የሚያምን ሰው ከመመሪያ አይወጣምና፣ እያላባቸው ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጡ።

ወደ ማብቂያው ላይ አጭር መልስ መጣች። እርማት ላይ የተማሪ ስም አይታይም። እሳቸው ግን ስም አላስፈለጋቸውም።

«የፈተናውን ቀን የሚያውቅ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላል። ለምኜ ጠየቅሁት። ፍትሕ እንዳይጓደል ብሎ ዋጠው። መፍትሔ፦ መጠየቅ አቆምኩ። ተሞክሯል፤ ይሠራል። አሁን ከእሱ ምንም አልጠብቅም።»

አስተባባሪው ደጋግመው አነበቧት። ነጥብ የሚቀነስበት ቦታ ፈለጉ፤ አላገኙም። የተግባቦት ሊቁ ሰው ልባቸው ተሰበረ። እሳቸው እርካታ ነው ብለው ለሰው ያወሩለት ዝምታ ይህ ነበር። ሙሉ ነጥቡን ሰጡና፣ ድምሩ ማለፏን ሲያሳያቸው፣ ኮታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወደ ቤት ሮጡ።

ውጤት በይፋ ሳይወጣ ለተማሪ መናገር በመመሪያው የተከለከለ ነው። አስተባባሪው በሩን ከፍተው ገና ሳይገቡ መመሪያውን ጣሱት።

«አልፈሻል! በሙሉ ነጥብ! ክፍሉ ያንቺ ነው!»

ሚስታቸው ወደ ሥራ ለመውጣት ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጥሩ» አለች።

«እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቂኝም?»

«አይ።»

«እሺ ሌላስ? የምትጠይቂኝ ነገር የለም? ምንም ይሁን ምን፣ አሁኑኑ እመልስልሻለሁ።»

«የለኝም» አለች በትሕትና፤ ቦርሳዋን አንሥታም ወጣች።

አስተባባሪው በሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በመመሪያቸው ስሌት መሠረት፣ በዚያች ሰዓት ከእሳቸው ቤት የበለጠ እርካታ የሰፈነበት ቤት በከተማው ውስጥ አልነበረም።