ለጓድ ዘለቀ ያፈሰስሁት እንባ

አለቃ ሲመጣና አለቃ ሲሄድ የሠራተኛው ፊት እንዴት እንደሚለዋወጥ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የዕድሜዬን ግማሽ በመንግሥት ወንበር ላይ ስቀመጥ ሌላ ብዙ ነገር ባልማርም ይህን ጠግቤ አይቻለሁ። ሲመጣስ ይሁን፤ ጫማ ይወለወላል፣ ጥርስ ይከፈታል፣ እጅ ወደ ኋላ ይጣመራል። ጉዱ ያለው ሲሄድ ነው። ትናንት «ይህን ሰውዬ ማን በገላገለን!» ሲባልበት የዋለው ሰው፣ የዝውውሩ ወሬ በተሰማ ማግስት ርኅሩኅ ይሆናል፤ አባት ይሆናል፤ ምትክ የሌለው ይሆናል። ሰው እንዲህ በአንድ ሌሊት መልአክ መሆን ከቻለማ ምነው በየወሩ ባዛወሩት ያሰኛል። እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትሸፋፍኑ። በሽኝት ግብዣ ላይ ሥጋ እየበላ እውነቱን የተናገረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ከገጠማችሁ አስተዋውቁኝ።

እኔም ከእናንተ የተሻልሁ አይደለሁም። የእኔ ልዩነት ቅጣቴን እዚያው በግብዣው ላይ መቀበሌ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። የእህል ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤታችን ግቢው እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ይወርድ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዘለቀ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ንግግራቸው ረዘም ያለ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ዕረፍት ግን አይወዱም፤ የራሳቸውን ቢጠሉ ምናለበት፣ የሰውም ዕረፍት ያንገበግባቸዋል። እንደመጡ ያን ባዶ ግቢ ቃኙና «ጓዶች፣ ይህ መሬት ለምን ጦሙን ያድራል?» አሉ። በቆሎ ዘራን። በቆሎው ደግሞ ያለ አንዳች ሐፍረት አማረበት። ከዚያ ጉማሬው ከሐይቁ ወጣ።

የጣና ጉማሬ የሰው ልፋት እንዴት እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ አውሬ ነው። አንድ ጊዜ ከቀመሰ በኋላ «ሂድ» ቢሉት የሚሄድ አይደለም። ጓድ ዘለቀም እጅ የሚሰጡ አልሆኑምና «የጉማሬ ተራ» የሚባል ነገር አወጡብን። ሒሳብ ሹም የለ፣ መዝገብ ቤት የለ፣ ወንዱ ሁሉ በየተራው ማታ ማታ ቆርቆሮ ሲደበድብ ያመሽና ጠዋት በውይይት ክበብ ላይ ተቀምጦ ያንጎላጃል። ካንጎላጀ ደግሞ ግለ ሒስ ያወርዳል። በቆሎውን የበላው ጉማሬ ግለ ሒስ ሲያወርድ ግን አላየንም።

የእኔ ጣጣ ከጉማሬውም የባሰ ነበር። ባለቤቴ ሙሉ ቆላ ድባ አስተማሪ ናት፤ እኔ ባሕር ዳር፣ መኻላችን ላይ ያ ሁሉ ውኃ። ከሠርጋችን ወዲህ አብረን የኖርነው ጀልባ በተገኘ ቁጥር ነው። እስከ ጎርጎራ በሐይቅ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ከጤፍ ጆንያ ጋር እየተንገላታሁ እደርስና፣ ገና አንድ እንጀራ በደንብ ሳንቆርስ የመመለሻዬ ሰዓት ይደርሳል። ቆላ ድባ የእኛ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሰውም ይፈልግ ነበር። ማመልከቻ ይዤ በገባሁ ቁጥር ግን ጓድ ዘለቀ መነጽራቸውን አውልቀው በፍቅር ያዩኛል። «አንተን የመሰለ ሠራተኛ ለቅቄ እኔ ከማን ጋር ልሥራ?» ይሉኛል። መወደድ እንዲህ ሰው እንደሚያስለቅስ ቀድሞ የነገረኝ የለም።

እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ ቀን ታይፒስታችን እትዬ የሺ ስልኩን ዘግተው ከቢሮ ወጡና «ጓድ ዘለቀ ወደ አሰብ ተዛውረዋል» አሉን።

ያን ቀን የሆነውን እዩልኝ! ሁላችንም አንድ አፍታ ፊታችንን አጠቆርን፤ ደንብ ነዋ። ከዚያ ወደየቢሯችን ገብተን በራችንን ዘጋን። እኔ ጮቤ ረገጥሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ከግድግዳ ጋር ተቃቀፈ። የንብረት ክፍሉ ሰይድ፣ የጥንት የባሕር ዳር ነጋዴ ልጅ ነው፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ የጉማሬ ማባረሪያውን ቆርቆሮ ከመጋዘን አውጥቶ በጠራራ ፀሐይ ያንኳኳው ጀመር። ጓድ ዘለቀ መስኮት ከፍተው ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጉማሬ መስሎኝ ነው ጓድ!»

«በቀን?»

«ደፈረን እኮ፣ ምን ይደረግ!» አለ ሰይድ፤ እሳቸውም ትጋቱን አመስግነው መስኮቱን ዘጉ። እኛ ጠረጴዛ ሥር ገብተን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያልሳቁት እትዬ የሺ ብቻ ናቸው። ልጃቸው በጠና የታመመ ጊዜ ጓድ ዘለቀ ራሳቸው መኪና እየነዱ ሐኪም ቤት አድርሰውላቸው፣ እስኪድንም ድረስ እየተመላለሱ ጠይቀውታል። እትዬ የሺ ያን ቀን ታይፓቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። እኛ ግን ማን አያቸው?

ምክትሉ አቶ ታደለ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ጓድ ዘለቀ በሄዱ ማግስት ዝውውርህን እፈርምልሃለሁ» ሲለኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ለሙሉ መልእክት ላክሁላት። ደስታውን አብረን እንድናይ ለሽኝቱ ቀን በጀልባ መጣች።

ሽኝቱ ሐይቁ ዳር፣ ትልቁ ዋርካ ሥር ነበር። በሬ ተጥሏል፣ ዓሣ ተጠብሷል፣ ከዘጌ የመጣው ጠጅ የሚያልቅ አይመስልም። ንግግሩ ተጀመረ። አንዱ «መሪያችን» ሲል ቀጣዩ «አባታችን» አለ፤ ከሱ ላለማነስ ሦስተኛው «ዓይናችን» አላቸው። ከሳቸው ጋር ሰላምታ አቋርጦ የከረመው አቶ ታደለ «እርስዎን ያጣ ግቢ እንዴት ይነጋለታል?» ብሎ አፍንጫውን ተናፈጠ። ሰይድ ተነሣና «እንኳን እኛ፣ ጉማሬዎቹም ይናፍቁዎታል» አለ፤ ይህ ብቻ ከልቡ ነው። በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ። አንደበቱ የተባረከ ነው እያሉ ሁልጊዜ ለመዝጊያ የሚያቆሙኝ እኔን ነው።

ስለ መለየት ልናገር ነበር ያሰብሁት። «መለየት ምን እንደሆነ» አልሁ፤ ዓይኔ ከሴቶቹ መኻል በተቀመጠችው በሙሉ ላይ ዐረፈ። «መለየት ምን እንደሆነ፣ የሚወዱትን ሰው ትቶ ጀርባ ማዞር ምን እንደሆነ፣ እኔን ጠይቁኝ» ስል ያ የጎርጎራ ወደብ፣ እሷ ነጠላዋን እያውለበለበች ቆማ ስታንስ፣ ስታንስ፣ ሁሉም ድቅን አለብኝ። ሆዴ ባባ። ልቆጣጠረው ብል አልቻልሁም፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። የበሬውን ሥጋ የሚቆርጠው ሰውዬ እንኳ ቢላዋውን አስቀምጦ ዓይኑን ጠረገ።

ጓድ ዘለቀ ቀስ ብለው ተነሡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጓዶች» አሉ፣ «ይህ ልጅ ዝውውር በጠየቀኝ ቁጥር ከእኔ ሊሸሽ የፈለገ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ግለ ሒሴን አወርዳለሁ። ዛሬ ልቡን አየሁት። እንዲህ የሚወደኝን ሰው ትቼ አልሄድም። የበላይ አካልን አስፈቅጄ አሰብ ይዤው እሄዳለሁ!»

ክው አልሁ። የተገመጠ ዓሣ በየሰዉ እጅ ላይ ቀረ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው አቶ ታደለ ነው፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፣ እልልታውም ቀለጠ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አጨበጨብሁ። እትዬ የሺ ብቻ አላጨበጨቡም፤ የቀረበላቸውንም ምግብ አልነኩትም።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ሙሉ ቆም አለችና «ለመሆኑ ለእኔ እንዲህ አልቅሰህልኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ለአንቺ እኮ ነው ያለቀስሁት!» አልሁ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ታምኑኝ ነበር?

አሰብ ሄድሁ። ጉማሬ የለም፣ በቆሎ የለም፣ ከወላፈኑ በቀር ምንም የለም፤ ጓድ ዘለቀ ግን በዚያ አሸዋ ላይ ጎመን አስተከሉንና የፍየል ተራ ገባን። አንድ ነገር ግን አልክድም። ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው አንብበውት አያውቁም ኖሮ፣ ሚስቴ ቆላ ድባ መቅረቷን ባወቁ ጊዜ ስልካቸውን አንሥተው ሳይውል ሳያድር ሙሉን አሰብ አስዛወሩልኝ። አንድ ሐይቅ አላሻግር ያሉኝ ሰው እሷን ቀይ ባሕር ድረስ አመጡልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በላብ እየታጠብን፣ እየሳቅን ኖርን። ምሽት ላይ ደጃፍ ምንጣፍ አንጥፈን ስንቀመጥ ጓድ ዘለቀ እያለፉ «ተስማማችሁ?» ይሉናል። ሳይታወቀኝ ወደድኋቸው።

ከዚያማ ምን ይሆናል፤ እሳቸው እንደገና ተዛወሩ። ሽኝት ተደገሰ፣ በግ ታረደ። ሙሉ ከቤት ስንወጣ ጣቷን ቀስራ «ትንፍሽ ብትል!» አለችኝ። እኔም ብልህ ሆኛለሁ፤ በዚያ ሙቀት አንገቴን በፎጣ ጠምጥሜ ሄድሁና ስጠራ ጉሮሮዬን በእጄ አሳየኋቸው። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ተቀመጥሁና አቀረቀርሁ። ያን ጊዜ ነው እትዬ የሺ፣ ያ የተሸፈነ ታይፕ፣ ያ ያልተነካ ምግብ ትዝ ያለኝ። የቀረበልኝ ሥጋ አልዋጥልህ አለኝ። በእውነት ከፍቶኝ ነበር።

ጓድ ዘለቀ ሳሕኔን አዩ። አንገቴን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጓዶች» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ኀዘኑ ድምፁን ዘጋው እኮ!»

ቀጥለው የሚሉትን ሙሉ አልጠበቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ሻንጣችንን ልትሸክፍ ወደ ቤት ሄደች።