የጋሽ አያሌው ሞተርና ግራ ጆሮዬ

ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ። ሐሰት ነው። ግድግዳ ምስኪን ነው፤ ጭቃና ጭድ ነው፤ የማንንም ወሬ ገበያ አድርሶ አያውቅም። ጆሮ ያለው ከግድግዳው ወዲህ በርጩማውን አስጠግቶ ምስር የሚለቅመው ሰው ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ጎረቤት ድንገት ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እጃችሁ ምስሩ ላይ ቀጥ አይልም? እኔ ይህን ወሬኝነት አልለውም፤ ለጎረቤት ማሰብ ነው የምለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶች፣ የሚሻለው ቶሎ ስለሚሰማ ነው ብለው መጨመሩን ረስተውት ነው።

እኔና ስንዱ እዚህ ባሕር ዳር አንድ ግድግዳ ለሁለት ስንካፈል ሃያ ምናምን ዓመታችን ነው። ባሏ ጋሽ አያሌው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሽመና ማሽን ሲጮህባቸው ኖሮ ጆሯቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ስንዱ ለባሏ ሹክ ስትል እኔ ጋ ስብከት ሆኖ ይደርሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

ስንዱ ግን የእኔ ነው አለች። አምና ለልጃቸው ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሳይወጡ ወሬው ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ተከሰስሁ። የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው አፍ አፌን ሲያዩኝ ምን ልበል? «በግድግዳው በኩል ያለው ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም» አልሁ። አልማልሁም፤ መማል ኃጢአት ነው። ሁሉም አዘነልኝ፤ ስንዱም ይቅርታ ጠይቃ ዶሮ አረደችልኝ። የደንቆሮ ኑሮ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዓመት ሙሉ በግራዬ ሲጠሩኝ ሳልዞር ኖርሁ። አንድ ቀን ባጃጅ በግራዬ ጡሩምባ ሲነፋብኝ፣ ስንዱ ከማዶ እያየችኝ ስለ ነበር ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ለአንዲት ዶሮ ስል ልሞት ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ። ጋሽ አያሌው አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ ፈረንጅ መምህር የገዙት ግዙፍ ሞተር ሳይክል አላቸው። ኮርቻው ሰፊ፣ መሪው እንደ ሰንጋ ቀንድ የተዘረጋ። ከመሐሉ፣ እሳቱ የሚነድባቸው ሁለት ሲሊንደሮች፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ አጋድለው እንደ ተከፈተ መቀስ ቆመዋል። ከላይ ተኮራርፈዋል፤ ከታች አንድ ሆድ ይጋራሉ። እኔና ስንዱ ማለት ነን።

ድምፁ እንደ ሌላው ሞተር አይደለም። ድብ-ድብ ይልና ትንፋሽ ይስባል፤ እንደገና ድብ-ድብ። ሰፈሩ «ያነክሳል» እያለ ሲስቅ ጋሽ አያሌው ይቆጣሉ። «ተፈጥሮው ነው! እንዳትነኩት!» አንዴ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠቡ በሞተሩ ሄደው፣ በማግስቱ ከበጎች ጋር አይሱዙ ላይ ተጭነው ተመለሱ። ሞተሩም ተጋድሞ። «ምን ነካው?» ብንል፣ «ምንም፤ በጎቹን ላጫውት ብዬ ነው» አሉ።

ዘንድሮ ያቺ ሽማግሌ የተላከላት ልጃቸው ልትዳር ሆነ። ሠርጉ እሑድ። ጋሽ አያሌው በልጅነቷ ከፊታቸው የቤንዚን ታንከሩ ላይ አስቀምጠው ጣና ዳር ያንሸራሽሯት ነበርና፣ የሙሽሮቹን መኪና በሞተሩ ቀድመው እስከ ሐይቁ ሊመሩ ቃል ገቡላት። ሞተሩ ግን የሰርግ ጥሪ እንደ ደረሰው ባለ ዕዳ መጥፋት ጀመረ። ይነሣል፤ ማርሽ ሲገባለት ጥፍት። ስንዱ ፈረደች። «ዳሱ የሚጣለው እሱ የተገተረበት ላይ ነው። እስከ ቅዳሜ ቀትር ካልሄደ ቁራሌው ይወስደዋል!»

ማክሰኞ ኑሩ ተጠራ። ኑሩ ከነጋዴ ቤት ተወልዶ ከአባቱ ጨርቅ ሱቅ ይልቅ ቅባት የመረጠ፣ የባጃጅና የጀልባ ሞተር የሚጠግን ጎበዝ ነው። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ዘይት ቀየረ፣ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ከሁለቱም ነቅሎ አጸዳ። ያው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያነክሳል እኮ» ሲል ሰማሁት፤ «ተፈጥሮው ነው! እንዳትነካው!» አሉት። ለባጃጅ አንድ ሲሊንደር የለመደ ሰው ምን ይበል? ተወው።

እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ምስሬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ ሲወቅጡ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች። የጋሽ አያሌው ሞተር ስንት ዓመት እንዲያ ነበር። አሁን የምትወቅጠው አንዷ ብቻ ናት። ሁለተኛዋ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ጋሽ አያሌው በደከመ ጆሯቸው መምታቱን እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚመታ አይለዩም፤ ኑሩ ጤነኛ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም። በዚህ ከተማ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለማወቅ ደግሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ብናገር፣ ዓመት ሙሉ ያደነቆርሁት ጆሮዬ ተጋለጠ። ዝም ብል፣ ሞተሩ ለቁራሌው። ረቡዕ ዝም አልሁ። ሐሙስ ዝም አልሁ። ዓርብ እስከ በራቸው ደርሼ ተመለስሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቁራሌው ጋሪውን እየገፋ መጣ። ኑሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክር መጥቶ ሞተሩ ሥር ተንበርክኳል። ጋሽ አያሌው መሐረባቸውን አወጡና ታንከሩን፣ ያቺን የልጃቸውን መቀመጫ፣ እንደ ሰው ፊት ጠረጉት። እኔ ክፉ አይደለሁም፤ ወሬኛ ነኝ እንጂ። ግቢያቸው ገባሁ።

በብልኀት ልጀምር ብዬ፣ «ኑሩ፣ ሌሊት በሕልሜ ሁለት ሴቶች ሲወቅጡ አየሁ፤ አንዷ ቆማ ነበር» አልሁት።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ሕልምዎን መልካም ያድርገው። እኔ የቸገረኝ ሞተር ነው።»

ቁራሌው ገመዱን ፈታ።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩን ነው የምልህ! አንዱ ወገን እየሠራ አይደለም! አስነሣውና በሁለቱም የጭስ ቱቦ ላይ ውኃ ጠብ አድርግ!»

አስነሣው። ጥቂት ቆይቶ በፊተኛው ቱቦ ላይ ውኃ ጠብ ሲያደርግ ጭስስ! አለ። በኋለኛው ላይ ጠብታዋ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ጤዛ ቁጭ አለች። ኑሩ ጠብታዋን አየ፤ እኔን አየ። «ወላሂ ቀዝቃዛ ነው! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ነው!» አልሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስንዱ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

ኑሩ ታንከሩን አወረደ። ከሥሩ የአይጥ ጎጆ! ወደ ኋለኛው ካንዴላ የሚሄደው ገመድ መዳቡ እስኪወጣ ተግጦ፣ እሳቱን ለካንዴላው ሳይሆን ለብረቱ ሲያበላ ከርሟል። ከባጃጅ የተረፈ ገመድ ቆርጦ ተካው፤ ታንከሩን መለሰ፤ አስነሣው። ድብ-ድብ! ሁለቱም ሴቶች ዘነዘናቸውን አነሡ። ጋሽ አያሌው ማርሽ አስገብተው ከግቢው ወጡ፤ ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ዓይናቸው ረጥቧል። «አቧራ ነው» አሉ። ቁራሌው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ሞተሩ ሲጠፋ ስንዱ በግራዬ በኩል መጥታ፣ ከትንፋሽ ባነሰ ድምፅ፣ «ጥሩዬ፣ አይጧ ቀሚስሽ ውስጥ ገባች» አለችኝ።

ዘለልሁ። እንዴት ያለ አዘላለል መሰላችሁ! መሬት ስደርስ ሁሉም ያየኛል።

«ግራው ጆሮሽ መቼ ዳነ?» አለች ስንዱ።

«አሁን... ሞተሩ ሲነሣ ከፈተልኝ መሰለኝ።»

ኑሩ መፍቻውን ጥሎ ሆዱን ያዘ። «ወላሂ እንዲህ ያለ ሞተር አላየሁም፤ ደንቆሮ ይፈውሳል!»

ስንዱ አልሳቀችም። «ዶሮዬን» አለች፤ እጇን ዘርግታ።

እሑድ ዕለት ጋሽ አያሌው ሙሽሮቹን እየመሩ ጣና ዳር ሲደርሱ እልልታውን ያቀለጥሁት እኔ ነበርሁ። ዶሮዬም ወጥ ሆና ሰርጉን ታድማለች።

ከሰርጉ ወዲህ ግን ስንዱ መላ አገኘች። ቁም ነገር ሲኖራቸው አስቀድማ ሞተሩን ታስነሣለች። «እንዳይዝግ ነው» ትላለች ለሚጠይቃት። ከዚያ አፏን በጋሽ አያሌው ጆሮ ላይ ደቅና ታወራለች፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ድብ-ድብ ብቻ ነው። በገዛ ጆሮዬ ያዳንሁት ሞተር ጆሮዬን ደፈነው።

ትናንት አመሻሹ ላይ እንደ ልማዴ ምስሬን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መታከት የጀመረች መሰለኝ። አንድ ጊዜ ትወቅጣለች፣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ዛሬ ጠዋት ኑሩን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ሞተሩ እንዴት ነው እትዬ ጥሩዬ?» አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰማሁትን ለሰው ሳልናገር አለፍሁ።