የጋሼ ሷሊሕ ግመል በሞተሩ ቤት

በየአገሩና በየመንደሩ ሁሉን ነገር በአንድ ነገር የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። ንብ አናቢ ከሆነ ስለ መንግሥት ስትጠይቁት ስለ አውራ ንብ ይነግራችኋል፤ ወታደር የነበረ እንደ ሆነ የልጁን ሠርግ እንኳ በግራና በቀኝ ክንፍ አሰልፎ ይድራል። እንዲህ ያለው ሰው ነገር አያልቅበትም፣ አይደክመውም፣ አይታረምም። በዘመኔ ብዙዎቹን አይቻለሁ። ከሁሉ አብልጬ የማከብራቸው ግን፣ ማክበሬንም ዘግይቼ ያወቅሁት፣ የአሊዩ አምባውን ሲራራ ነጋዴ፣ የግመሎችን ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ጋሼ ሷሊሕን ነው።

የጋሼ ሷሊሕ ዓለም በግመል ተፈጥራ በግመል የምታልፍ ነበረች። ስለ ዝናብ ቢነሣ ግመል፤ ስለ ጋብቻ ቢነሣ ግመል፤ ስለ ሞት ቢነሣ፣ እንደ ወጉ ጥቂት ዝም ብለው፣ ግመል። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ማለፍ እንደሚቸግራት ቅዱስ ወንጌል ይነግረናል፤ የእርሳቸው ግመል ግን ወደ ማንኛውም ጨዋታ ለመግባት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አላስፈለጋትም። «ግመል ስትነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው የጀመሩ እንደ ሆነ፣ የተቀመጠው ሁሉ ነጠላውን መሰብሰብ ይጀምር ነበር።

የተገናኘነው ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን ነው። ከሸዋ ሮቢት በታች፣ በሮቢ ወንዝ ዳር፣ ለጥጥ እርሻ ውኃ የሚስብ የኤሌትሪክ ሞተርና ለእርሱ ኃይል የሚያመነጭ ዲናሞ ተተከለ። ጠባቂ ስላስፈለገም በግድ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ጥቂቶቻችን ተመርጠን ለትምህርት ተቀመጥን። እኔ የተመረጥሁት ማንበብ ስለማውቅ ነው፤ የማነበው መዝሙረ ዳዊት መሆኑን የጠየቀኝ አልነበረም። ጋሼ ሷሊሕ ደግሞ ግመሎቻቸው ለጦሩ ስንቅ ማመላለሻ ተወስደውባቸው፣ ይመለሱልኝ ብለው አቤት ሊሉ መጥተው፣ በስሕተት ከእኛ ሰልፍ ስለቆሙ ነው። ግመሎቹ አልተመለሱም። እርሳቸውም ከሰልፉ አልወጡም።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ትምህርቱን ተፈትኖ ያለፈ ከሞተሩ ጋር ይቀራል፤ የወደቀ ወደ ጣርማ በር ገደል፣ ወደ መንገድ ሥራው ይወጣል። ከዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነበር፤ የተመለሰውም እንደ ሄደ ሆኖ አይመለስም። የጠላትን ሞተር መጠበቅ ነውር አይደለምን ብሎ ኅሊናችን ሲጠይቀን፣ ውኃው የእግዚአብሔር ነው እያልን እንመልስለት ነበር። ኅሊናችን በዚህ መልስ ፈጽሞ ረክቷል ማለት ግን አይቻለኝም።

መምህራችን ጢሙን የሚያሾል አንድ የጣልያን መሐንዲስ ነበር። የተናገረውን የሚመልስልን ገብረሚካኤል የተባለ አስተርጓሚ ሲሆን፣ እርሱም የማያውቀውን ነገር እኛ በማናውቀው አማርኛ ያስረዳን ነበር።

«ሦስቱ ሽቦዎች ኃይልን በየተራ ሲቀበሉ፣ በውጭኛው ብረት ውስጥ የማይታይ ማግኔት ይዞራል። የውስጠኛው ብረት እርሱን እየተከተለ ይዞራል፤ ነገር ግን አይደርስበትም።»

እኔ እንደ ለመድሁት ቃሉን በዜማ አድርጌ በቃሌ ያዝሁት። ትርጉሙን አላወቅሁም፤ ይህ ግን ከንባብ ቤት ጀምሮ የኖርሁበት ሁኔታ ስለ ነበረ ብዙ አላስጨነቀኝም።

ጋሼ ሷሊሕ ግን እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ ገብረሚካኤል፣ ለጌታው ንገርልኝ። ግመል ከፊተኛዋ ግመል ጭራ ታስራ ስትሄድ፣ ገመዱ የሚወጠረው ትንሽ ወደ ኋላ ስለምትቀር ነው። እኩል ብትሆን ገመዱ ይላላል፤ ከላላ ማን ይጎትታታል? ጭነት ሲከብዳት ደግሞ ጥቂት ጨምራ ትቀራለች፤ ገመዱም ጨምሮ ይወጠራል።»

«ጋሼ ሷሊሕ፣ እዚህ ግመል የለም» አለ ገብረሚካኤል።

«ስላላየሃት ነው፣ ልጄ።»

በማግስቱ ትምህርቱ ሞተሩ ሲነሣ ለምን ያን ያህል ኃይል እንደሚስብ ሆነ። «ግመል ስትነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ፤ ሁላችንም ወደ ሰማይ አየን። «ታጉረመርማለች፣ ትወዛወዛለች፣ ያሳደጋትን ሰው ትሳደባለች። በዚያች አፍታ የምታወጣው ጉልበት ለብቻው ነው። ከቆመች በኋላ ግን እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።»

ሌላ ቀን መሐንዲሱ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱን ነቅሎ ኃይሉን ለቀቀው። ሞተሩ እየጮኸ አልዞር አለ። «አንድ እግሯ ታስሯል» አሉ ጋሼ ሷሊሕ። «እንዳትርቅ የፊት እግሯን አጥፈን ስናስራት እንዲህ ናት። ትታገላለች እንጂ አትሄድም። ቶሎ ካልተፈታች ራሷን ትጎዳለች።»

እንግዲህ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ብዬ አላስታችሁም። ፀሐዩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት በዚያ ቆላ አንድ ቀትር ላይ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ለሞተሩ አዝነው ጋቢያቸውን አለበሱት። የሞተሩ መተንፈሻ ተደፈነና መጨስ ጀመረ። መሐንዲሱ እየሮጠ መጥቶ ጋቢውን ከነጭሱ ወንዝ ሲወረውረው፣ ጋሼ ሷሊሕ በሐዘን ተመለከቱት።

«ግመል ብትሆን ታመሰግነኝ ነበር» አሉ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹም መሆኑ ተሰማ። ገብረሚካኤል በዋዜማው ሰብስቦ እንዲህ አለን፦ «ይህ ሰው ቁጡ ነው። በሌላ ቦታ አንዱ ተማሪ ሲቀልድ ተዘበተብኝ ብሎ ሁሉንም ወደ ገደሉ ሰዷቸዋል። ነገ ግመል የሚል ቃል ቢሰማ ተያይዘን መውጣታችን ነው።»

ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ስለ ፈጠረዎት አምላክ» አልኋቸው።

ፊታችንን በየተራ አዩ። ከዚያም፣ ርስቱን እንደሚለቅ ሰው፣ «ወላሂ፣ ነገ ፀሐይ እስክትጠልቅ የግመል ስም ከአፌ አይወጣም» ብለው ማሉ። እኛም በሰላም ተኛን።

በማግስቱ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። ሹሙ ፊቱን አጨማዶ፣ ሞተር እየጮኸ አልዞር ቢል ምን ታደርጋለህ አለኝ። ያጠናሁት ዜማ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፤ በዓይነ ኅሊናዬ የመጣልኝ ዳዊትም መሐንዲሱም አልነበረም፤ አንድ እግሯ የታሰረ፣ የምታጉረመርም ግመል ነበረች። «ከሽቦዎቹ አንዱ ተቋርጧል፤ ሳይቃጠል ኃይሉን ፈጥኖ ማጥፋት ነው» አልሁ። አለፍሁ። ከእኔ ቀጥሎ ከቀወት የመጣው ገበሬ ኢብራሂም ስለ ሞተር አነሣሥ ተጠየቀ፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከንፈሩ «ታጉረመርማለች፣ ትወዛወዛለች» ሲል አይቻለሁ። እርሱም አለፈ። እንዲህ ሁላችንም፣ ስሟን ሳንጠራ፣ በዚያች ግመል ጀርባ ተሻገርን።

በመጨረሻ ጋሼ ሷሊሕ ቀረቡ።

«የውስጠኛው ብረት በሚዞረው ማግኔት ላይ የማይደርስበት ስለምንድር ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ለእኛ ያስረዱን እርሳቸው ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ላባቸው በጢማቸው ወረደ።

«አንድ ነገር አለ» አሉ።

«ምን ነገር?» አለ ገብረሚካኤል።

«ነገሩ... አራት እግር አለው።»

ገብረሚካኤል ይህን አልተረጎመም። ሹሙ ብዕሩን አነሣ። እኔ ከኋላ ጠጋ ብዬ፣ «ይንገሩት፣ ጋሼ። የመጣው ይምጣ፤ እኛ ከመሐላው ፈትተንዎታል» አልኋቸው።

«የማልሁት በእናንተ አይደለም» አሉኝ፣ ሳይዞሩ። «በአላህ ነው።»

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ተሰማ። እርሳቸውን ተከትለው በአቅራቢያው መንደር ያረፉት ባለቤታቸው እትዬ ናፊሳ፣ የመሐላውን ነገር ሰምተው ኖሮ፣ እንደ ዘወትራቸው ምሳ በአህያ ጭነው መጥተው ቆመዋል።

«የሙሀባ አባት» አሉ እትዬ ናፊሳ። «የማሉት እርሷን ላለመጥራት ነው። አህያን ላለመጥራት አልማሉም።»

አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ጋሼ ሷሊሕ ከተወለዱ ጀምሮ ስለ አህያ አንድ በጎ ቃል ተናግረው አያውቁም። አህያ ማለት ለእርሳቸው ጆሮ ያወጣ ድንጋይ ነበር፤ እትዬ ናፊሳም በዚህች አህያ ምክንያት ብዙ ስድብ የሰሙ ሴት ናቸው።

«በአህያ?» አሉ፣ እንደ ተዋረደ መኰንን።

«ገደል ከሚወጡ በአህያ ይለፉ» አሉ እትዬ ናፊሳ። «የእኔ አህያ ቂም አትይዝም።»

ጋሼ ሷሊሕ አህያዋን አዩ። አህያዋ ዝንብ አባረረች። በመጨረሻ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«ናፊሳ የማሽላ አገዳ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። አ... ይህቺ ፍጥረት ትከተላለች። አገዳው ላይ ብትደርስ ቆማ ትበላ ነበር፤ የምትሄደው ስላልደረሰች ነው። ብረቱም ማግኔቱ ላይ ቢደርስ የሚጎትተው አያገኝም።»

ገብረሚካኤል ይህን ተረጎመ። ሹሙ ብዕሩን አኖረና ወደ አጥሩ ሄዶ አህያዋን አገላብጦ አያት። ኋላ እንደ ሰማነው፣ ሰውየው የገበሬ ልጅ ነው፤ ባደገበት መንደር አህያ እንጂ ግመል አይታወቅም።

«ጭነቱ ከልክ ቢያልፍስ?» አለ።

«ጨርሳ ትቆማለች» አሉ ጋሼ ሷሊሕ። «ያን ጊዜ ጭነት ማውረድ ነው እንጂ አለንጋ አይረዳም።»

አለፉ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። እትዬ ናፊሳ ለአህያዋ ሙሉ አገዳ ሲያበሏት አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠልቅ፣ ሞተሩ ከሳበው ውኃ ውዱእ አድርገው ሰገዱ፤ መስገጃቸውን አጥፈውም መጥተው በመካከላችን ተቀመጡ። መሐላው አብቅቷል።

ስንት ጊዜ ነጠላዬን ሰብስቤ የሸሸኋቸው እኔ ጠጋ ብዬ ቦታ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ ሷሊሕ» አልሁ። «ግመል ስትነሣ እንዴት ናት?»

ትክ ብለው አዩኝ፤ እንዳልዘበትሁባቸው ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

«ከየትኛዋ ልጀምርልህ?» አሉ። ከዚያም የተወሰዱባቸውን ግመሎች በየስማቸው ጠሩልን፤ የእያንዳንዷን ጠባይ፣ የእያንዳንዷን አነሣሥ። ያን ማታ ነጠላውን የሰበሰበ ሰው አልነበረም።