የሰበታ በሽተኛ ሱሉልታ ነው

ሰው በሕመሙ የሚኮራበት አገር ላይ ነው የምንኖረው። ስኳር ያለበት ሰው ሠርግ ላይ ለስላሳ ሲቀርብለት እጁን እያወዛወዘ ስኳሩን ለአዳራሹ ሁሉ ያውጃል። ጨጓራማ መታወቂያ ላይ ሊጻፍ ምንም አልቀረው። ጭንቅላት ውስጥ የገባ ሕመም ሲሆን ግን እንደ ሌብነት ይደበቃል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የማይል የለም፤ እናንተም ትሉታላችሁ። ለጎረቤት ነው እንጂ።

እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። አብረውኝ ከተማሩት አንዷ ዱባይ ገባች፣ አንዷ የግል ሆስፒታል ውስጥ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆነች፤ ስንገናኝ «አሁንም ከእብዶቹ ጋር ነሽ?» ይሉኛል፣ የሚጋባ ይመስል እጄን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ። አዎ፣ ነኝ። የእኔ እድገት ከሚኒባስ ወደ ሚኒባስ ነው። ሦስት ከተሞች አንዲት ነርስ ተካፍለው፣ ሰኞ ሰበታ፣ ረቡዕ ቡራዩ፣ ዓርብ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ እየዞርኩ እንድሠራ ተመደብኩ። በሽተኛው ከሚንገላታ ነርሷ ትንገላታ ተባለ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር።

በሽተኛው ግን ከእኔ የባሰ ተጓዥ ሆኖ ተገኘ። የሰበታው ሰው ጎረቤት እንዳያየው አዲስ አበባን አቋርጦ ሱሉልታ ይመጣል፣ የሱሉልታው ቡራዩ ይወርዳል፣ የቡራዩው ሰበታ ብቅ ይላል። እኔ ወደ ደጃፋቸው ስሄድ እነሱ ከደጃፋቸው እየሸሹ መንገድ ላይ እንተላለፋለን። ሱሉልታ የሯጭ አገር ነው ይባላል። ግማሹ ለሜዳሊያ ይሮጣል፣ ግማሹ ከጎረቤቱ ይሮጣል።

በገዛ ከተማቸው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ የሚመጡት ኦቦ ገመቹ ብቻ ነበሩ። ከሰበታ በፉሪ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ለሚ ሕመሙ ሲነሣበት እንቅልፍ ያጣና አስፋልት ወጥቶ በመኪና መሀል ይሄዳል። በየወሩ መርፌውን ካገኘ ግን ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ከአባቱ ጋር ይቀልዳል። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲበዛበት ስለሚጨንቀው አባትና ልጅ በእግራቸው ይመጣሉ። ማን አየን የሚለው ጭንቀት ኦቦ ገመቹ ዘንድ የለም።

የሰበታው ጤና ኃላፊ አቶ ታደለ ደግሞ አንድ ዓርብ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ እህታቸውን አልማዝን ይዘው ሱሉልታ ካለው ክፍሌ ገቡ። ሰኞ ሰኞ አለቃዬ እኮ ናቸው። «እኛ እንኳን የዚሁ የሱሉልታ ሰዎች ነን» አሉኝ፣ ተያይተን የማናውቅ ይመስል። እንኳን ደህና መጣችሁ አልኩ። ምን ልበል? ሰኞ ሲያገኙኝ «ሲስተር፣ እንዴት ሰነበትሽ?» ይሉኛል፣ ዐይናቸውን ሳያሹ። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ሱሉልታ ውስጥ የአገር ሽማግሌ ሆነው ወረፋ ሁሉ ማስያዝ ጀመሩ። አልማዝ መድኃኒቱ ተስማምቷት ፊቷ ሲፈካ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አግዳሚው ላይ ግን ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም፤ እንዳትናገሪ ተብላ ነው የምትመጣው።

ከዚያ የሦስቱ ከተሞች ስብሰባ ተጠራ። አቶ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰበታ ውስጥ የአእምሮ በሽተኛ የለም አሉ። ሰኞ የሚመጣው የቡራዩ ሰው ነው፣ የእኛ የሚባለው የአንድ ገበሬ ልጅ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰኞ ቀርቶ ለተቸገረው የሱሉልታ ሕዝብ ይጨመርለት አሉ። ለሱሉልታ ሕዝብ ሲያዝኑለት እንባ ሊቀድማቸው ነበር። የቡራዩን ረቡዕም ጨምረው እኔን ጠቅልለው ወደዚያው አዛወሩኝና ስሙን የሥራ እድገት አሉት። ተጨበጨበልኝ። የበሽተኛ ምስጢር አፌን ባይዘው ኖሮ መነጽሩንም ኮፍያውንም ጠረጴዛው ላይ እዘረግፈው ነበር። «ለሚስ እንዴት ይሁን?» ብቻ አልኩ።

«እሱም ሱሉልታ ይሂዳ» አሉ አቶ ታደለ። «ታክሲ ሞልቷል።»

ለሚ መርፌው አለፈው። ኦቦ ገመቹ ደወሉልኝ፤ ልጁ መተኛት ትቷል፣ እሳቸው በሩ ላይ ተኝተው ነው የሚያድሩት። አስፋልቱን እያሰብኩ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ የልጃቸውን ራስ በጋቢ ሸፍነው፣ ከታክሲ ታክሲ እያሻገሩ ሱሉልታ አደረሱት። ለሚ ይንቀጠቀጣል። አግዳሚው ላይ አቶ ታደለና እህታቸው ተቀምጠዋል።

ኦቦ ገመቹን መነጽርም ኮፍያም አላታለላቸውም። «ኦቦ ታደለ፣ አካም ጅርቱ?» አሉ፣ ከማሳ ማሳ እንደሚጣራ ሰው ድምፃቸውን ለቀው። «እኔ እኮ በሰው አገር ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ የቤተሰቡን፣ የሰፈሩን፣ የከብቱን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቁ። ወረፋ ወደያዘውም ሰው ዞረው፣ እኚህ የሰበታ ጤና ኃላፊያችን ናቸው፣ ትልቅ ሰው ሆነው ሳለ እህታቸውን ሳያፍሩ ያሳክማሉ፣ እግዜር ይስጣቸው ብለው መሰከሩላቸው። ምንም ተንኮል አልነበረባቸውም፤ ያ ነው የባሰው።

አቶ ታደለ ኮፍያቸውን ይበልጥ ወደ ዐይናቸው ሲያወርዱ ዝም ብላ የኖረችው አልማዝ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች። «ና፣ እዚህ ጋ ተቀመጥ» አለችው ለሚን። «መርፌው ደግ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ።» ተቀመጠ፤ መርፌውንም እዚያው አጠገቧ ሆኖ ተወጋ።

ከዚህ በኋላ የሰበታ ሰኞ ይመለሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔም ሞኟ ጠብቄ ነበር። በቀጣዩ ስብሰባ አቶ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሆለታ ሕዝብ አገልግሎት አጥቶ እየተሠቃየ ነውና ነርሷ ወደዚያ ትዛወር አሉ። ተጨበጨበ፤ እኔም እንደገና አደግሁ።

ለኦቦ ገመቹ እያፈርኩ ደውዬ ነገርኳቸው። ሆለታ የሚሄደው መኪና ከየት እንደሚነሣ ጠየቁኝ።

«አይዞሽ ሲስተር፣ እንመጣለን» አሉ። «እዚያም ቢሆን የሰበታ ሰው አናጣም።»