ድንጋይ ቀቃዩ የአንኮበር ልጅ

ደብረ ብርሃን ላይ አየር አይናቅም። ቆለኛ አየር መኖሩ ትዝ የሚለው ሲታፈን ነው፤ እኛን ግን ገና ከበር ብቅ ስንል አፍንጫችንን ይዞ እንደምን አደራችሁ ይለናል። ያም ሆኖ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ዕድሜ ልክ የሚተነፍሰው ነገር ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያሰበ ከመካከላችሁ ስንቱ ነው? እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። እንዳስበው ያደረገኝ ጌታነህ ነው።

ጌታነህ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ የአንኮበር ካህን ልጅ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት እያስተማርን አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ የሳይንስ መጽሔት አነበበና እንቅልፍ አጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ክፍል በክፍል የሆነ፣ ለዓይን የማይታዩ በሮች ያሉት ድንጋይ አለ። ይህን ድንጋይ ሰው ራሱ ቀቅሎ ይሠራዋል፤ የበሩንም ስፋት ልብስ ሰፊ እጅጌ እንደሚለካ ለክቶ ያወጣለታል። ከዚያ አንዱ ጋዝ ገብቶ ይያዛል፣ ሌላው ያልፋል።

"ድንጋይ እኮ ወንፊት ሆነ!" ብሎ ጮኸብኝ። የእራታችን ወጥ እየቀዘቀዘ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነጭ አፈር ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ወስዶ ያስተኩሳል፤ መልሶ ሳሙና በሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ በብረት ድስት ይቀቅለዋል። የሚወጣው ጭቃ ነው። ይደፋዋል፤ እንደገና ይጥዳል። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ እንዲህ ሆነ። ሰፈሩ "ድንጋይ ቀቃዩ" አለው። ወሬ እግር የለውም ይባላል እንጂ፣ ወደ አንኮበር ሲሆን በቅሎን ይቀድማል። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሰማዕት ልጃቸው አበደ መባሉን ሰምተው፣ ጸበል በቅል ይዘው ከተፍ አሉ። ወደ ቤት ሊወስዱት ቆርጠዋል።

"ምን እየሠራህ ነው፣ ልጄ?"

"ድንጋይ፣ አባቴ።"

"አንኮበር ላይ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?"

ጌታነህ አልሳቀም። "አንድ ነገር ላሳይዎ። ካላሳመንኩዎ እከተልዎታለሁ" አለ። እኔ ደነገጥኩ፤ ሥራውን፣ ድካሙን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ላይ አስያዘው።

በዚያው ሰሞን ከድስቱ ነጭ ዱቄት አግኝቶ ነበር። በሮቹ እንዲሰፉ ከኖራ በተሠራ ጨው ውሃ አጥቦታል፣ በጥቂት ጭቃ ለውሶ ምስር ምስር አሳክሎታል፣ ቆልቶ ብረት ቧንቧ ውስጥ ጠቅጥቆታል። አሁን ስንጥር እንጨት ለኮሰና ነበልባሉን እፍ ብሎ ፍሙን አስቀረ። መጀመሪያ ባዶ ቧንቧ ላይ የብስክሌት መንፊያ ገጥሞ አየሩን ወደ ፍሙ ነፋ። ፍሙ ቀላ፤ በዚያው ቀረ።

"ይህንንማ ወናፍም ያደርገዋል" አሉ መሪጌታ። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛውን፣ ድንጋዩ ያለበትን ቧንቧ ገጠመ። "አየር የተቀላቀለ ነገር ነው። ናይትሮጅን የሚባለው እዚህ ክፍሎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ እሳት የሚወደው ኦክስጅን ያልፋል" አለና መንፋት ጀመረ። ፍሙ ቀላ። ነጣ። ከዚያ ቦግ!

ጥቂት ነድዶ ጠፋ። "ድንጋዩ ጠግቦ ነው" አለ ጌታነህ። ቧንቧውን ከፍቶ አስተነፈሰው፣ እንደገና ነፋ፤ እንደገና ቦግ አለ። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ቀርቻለሁ።

መሪጌታ ከተረፈው ድንጋይ አንዲት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ።

"ስንት ክፍል አላት?"

"በደብረ ብርሃን ካለው ቤት ሁሉ ይበልጣል፣ አባቴ።"

ውስጧ ሰው የተኛ ያህል ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሯት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ አየር ዜማ ሳወርድ፣ በምን እንደማዜም ጠይቄ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ጸበሉን ድስቱ ላይ ረጩና ብቻቸውን ወደ አንኮበር ተመለሱ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አባት ናቸውና፣ ከቅዳሴ መልስ "ልጄ ንፋስን ከንፋስ ይለያል" ብለው ለሰው ሁሉ ተናገሩ። በቀጣዩ ቅዳሜ በራችን ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ተሰልፏል፤ አንገቱ የተቆለመመ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ንፋስ የመታው ሁሉ። ከፊት የቆሙት አፋቸው ወደ ጎን የተጣመመ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ጌታነህ ሐኪም አለመሆኑን፣ አየር የሁለት ጋዞች ቅልቅል መሆኑን እየማለ አስረዳቸው። ሰውየው በትዕግሥት ሰሙትና፦

"ማሻ አላህ! እንግዲያው ሌላውን ተወው መምህር፤ ከሁለቱ የመታኝን ብቻ ለይተህ አውጣልኝ" አሉት።